መሐላው ባለቀ ማግስት

አምፓሮ ያን ሰኞ ባሏን ከአልጋ የቀሰቀሰችው ወፍ ሳይንጫጫ ነው።

«ተነስ ሽማግሌው! ጓናኋቶ ልትወስደኝ ነው።»

«መቼ ነው እንዲህ ያልኩት?» አለ ኢላሪዮ አንድ ዓይኑን ብቻ ገልጦ።

«የተጋባን ሰሞን። አርባ አንድ ዓመት ታገስኩህ፤ ከዚህ በላይ አልችልም።»

ኢላሪዮ ሰባ ዓመቱ ነው። ሚስቱ አንዴ ከተነሳች መከራከር እንደማያዋጣ ከተማረ ቆይቷል። ሱሪውን አጠለቀ፣ ለክት የሚያደርጋትን ቡናማ ጫማ አውጥቶ በእጅጌው ወለወላት፣ ተከተላት። ጓናኋቶ እነሱ ለሚኖሩባት ለሌዮን ከተማ ጎረቤት ናት፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። የዓለም ሰው ባሕር ተሻግሮ ሊያያት ይመጣል፤ እነሱ ግን ቅርብ ናት፣ የት ትሄዳለች ብለው፣ ከቀብርና ከሠርግ በቀር ሳይረግጧት አረጁ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥድፊያ የሽርሽር አምሮት እንዳይመስላችሁ። አምፓሮ ባሏን ይዛ እየሸሸች ነበር።

የሌዮን ጫማ ሠሪዎች በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ የማይገኝ አንድ ቅዱስ አላቸው፤ ቅዱስ ሰኞ ይሉታል። ቅዳሜ ደሞዝ፣ እሁድ መጠጥ፤ ሰኞ ደግሞ የእሁዱን ራስ ምታት ለማብረድ ሌላ መጠጥ። ይህን ቅዱስ የፈለሰፈው ሰው እጁን በሰበረው! ኢላሪዮ አርባ አራት ዓመት ቆዳ ቆራጭ ሆኖ ሲሠራ አንድም ቅዱስ ሰኞ አላስታጎለም። ቢላዋው ፀጉር አይስትም፤ ከአንድ ቆዳ እሱ የሚያወጣውን ያህል ጥንድ ጫማ ሌላው አያወጣም፤ ግን ይህ ሁሉ ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ነው። አምፓሮ ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ በስፌት መኪናዋ የጫማ ፊት ስትሰፋ ትውልና፣ ሰኞ ከሰዓት መኪናዋን ከድና የመጠጥ ቤት በር ለበር ትዞራለች። ገብታ አታውቅም። ደጃፉ ላይ ቆማ «ባሌ እዚህ አለ?» ትላለች። «የለም ዶኛ አምፓሮ» ይሏታል፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ልጆቿን ያሳደገችው፣ የዳረችው፣ ፀጉሯን ያሸበተችው እንዲህ ስትዞር ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኙት። ያን ቀን አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ልብሷን በፌስታል ከታ በሩ ጥግ አስቀመጠችው፤ በቃ። ኢላሪዮ ፌስታሉን አየ። በነጋታው ብቻውን ወደ ሰፈሩ አባ ሄዶ ማለ።

በዚያ አገር መጠጥ የበረታበት ወንድ ድንግል ፊት ተንበርክኮ፣ ይህን ያህል ጊዜ አልቀምስም ብሎ ይምላል። ካህኑም ስሙንና ቀኑን ጽፈው ሥዕሏ ያለባት ትንሽ ካርድ ይሰጡታል። «አልጠጣም» የሚል ወንድ ይጎተታል፣ ይሰደባል፣ ሴት ነህ ይባላል። «መሐላ አለብኝ» የሚለውን ግን የሚነካው የለም፤ ከድንግል ማን ይጣላል? ኢላሪዮ ካርዱን ኪስ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወደ ቤት ተመለሰና «አንድ ዓመት ማልኩ» አላት። እሷም ካርዱን አሳየኝ አላለችም፤ እኔ ከነካሁት ይረክሳል ብላ ፈራች። ሥጋ ቤቱ የሰጣትን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በየቀኑ መስቀል ታደርግበት ጀመር።

የመጨረሻዋን መስቀል ያደረገችው ትናንት፣ እሁድ ነው። ዛሬ ሰኞ። ቹይ የሚባለው የሥራ ጓደኛው ደግሞ ከሳምንት በፊት ጀምሮ በሰፈሩ ሲለፍፍ ከርሟል፦ «ሰኞ ሥጋውን ከሰል ላይ፣ የቢራውን ሣጥን በረዶ ውስጥ! እስረኛችን ሊፈታ ነው!» ኢላሪዮ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ሳቀ እንጂ «አልመጣም» አላለም። አምፓሮን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

እናም ዘዴ አበጀች። መሐላ በግድ አይሆንም፤ ሰውየው ወድዶ መማል አለበት። ደስ ያለው ባል ደግሞ እሺ ይላል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ታስቀዋለች፣ ታዞረዋለች፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጎራ አድርጋ ታሳድሰዋለች። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ይህንን ስታስብ ቦርሳዋን አቅፋ ኩርምት ብላ ነበር።

«ምነው በረደሽ?» አላት።

«ደስታ ነው።»

«አጃኢብ! በሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ ብንመጣ ኖሮ ደስታው ይቀንስ ነበር?»

ጓናኋቶ ሲደርሱ የመጀመሪያው ሙዚየም ዝግ ነው። ሁለተኛውም ዝግ። ለካ ሙዚየም የሚባል ነገር ሰኞ አይከፈትም! አምፓሮ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ስታነብ ኢላሪዮ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«አየሽ? ቅዱስ ሰኞ እዚህም ይከበራል። ሙዚየም ሁሉ ጠጥቶ ተኝቷል።»

«ዝም በል አንተ ከሃዲ!» አለችው፤ ግን እሷንም ሳቅ አመለጣት።

በየጠባቡ መንገድ ወጡ፣ ወረዱ። ቢጫውን ቤት፣ ሮዙን ቤት፣ በረንዳ ላይ የተንጠለጠለውን አበባ አሳየችው። እሱ ግን ቀና ብሎ የሚያይ ሰው መሰላችሁ? ዓይኑ መሬት ለመሬት ነው። «ያቺ ፈረንጅ የተጫማችው ጫማ ሶሉ በማስቲሽ ነው የተያዘው፤ ዝናብ ሲነካው ለየብቻ ነው የሚሄዱት» ይላል። «ያ ሰውዬ ደግሞ አንድ ቁጥር አሳንሶ ነው የገዛው፤ ፊቱን ተመልከቺ።»

«ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው የሰው እግር ልናይ ነው?»

«ከተማውን አንቺ እዪልኝ፤ ማታ ትነግሪኛለሽ።»

ወደ ተራራው በሚያወጣው የገመድ ባቡር ተሳፈሩ። የመስታወቱ ሳጥን ሽቅብ ሲነሳ ኢላሪዮ የሚስቱን ክንድ ጨምድዶ ያዘና «አልፈራሁም፤ አንቺ እንዳትወድቂ ነው» አለ። ላይ ሲደርሱ ችቦ ያነሳ የጀግና ግዙፍ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። አጠገባቸው ከሞንቴሬይ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሰውየው ኤራስሞ ይባላል፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ሲናገር ሰፈር የሚሰማው ነው። ኢላሪዮን የአገሩ ሰው አድርጎት «አባት፣ ይህ ማነው?» አለው።

ኢላሪዮ ጉሮሮውን ጠረገ። አምፓሮ አወቀችው፤ ሊዋሽ ሲል እንዲህ ያደርገዋል።

«ይህ ጌታዬ፣ የዚህ ከተማ የመጀመሪያው ጫማ ሠሪ ነው። ለሕዝቡ ሁሉ ሰፍቶ ሲያበቃ የራሱ ግራ እግር ጫማ ጠፋችበት። ችቦውን ያነሳው እሷን ሊፈልግ ነው።»

«አግኝቷት ይሆን?»

«ሚስቱ ደብቃበታለች። ሰኞ ከቤት እንዳይወጣ።»

ኤራስሞ እስኪያለቅስ ሳቀ። አምፓሮም ሳቀች፤ ግን የመጨረሻዋ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ቀረች። ያውቃል እንዴ? ለምን እንዳመጣሁት ገብቶት ይሆን?

ኤራስሞ ምሳ ካልጋበዝኳችሁ ብሎ ድርቅ አለ። ሲወርዱ ኢላሪዮ ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ቦት ጫማውን አየሽው? የሰጎን ቆዳ ነው ብለው ሸጠውለታል፤ የላም ነው፣ ነጠብጣቡ በማሽን የተመታ» አላት።

«እንዳትነግረው!»

«ምን ቆርጦኝ! ሰውየው እንደ ንጉሥ እየተራመደበት።»

ገበታው ላይ ኤንቺላዳ የሚሉት በስጎ የተነከረ የበቆሎ ቂጣ መጣ፤ ድንቹና ካሮቱ ከላይ ተከምሮ፣ በርበሬው አፍ እያቃጠለ። ኤራስሞ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ አስተናጋጇ ጮኸ፦ «አራት ቀዝቃዛ ቢራ!»

ጉድ ፈላ። ጠርሙሶቹ ላባቸው እየተንጠባጠበ መጥተው ተደረደሩ። አንዷ ኢላሪዮ ፊት ቆመች። አምፓሮ ጉርሻዋ አፏ ውስጥ እንዳለ መዋጥ አቃታት። ቹይን ሸሽታ ስትሮጥ ሌላ ቹይ ከሞንቴሬይ ድረስ መጥቶ ጠበቃት! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። ኢላሪዮ ጠርሙሷን በሁለት ጣቱ አንገቷን ያዛት። ትንሽ አቆያት። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ ኤራስሞ ገፋት።

«አይቀየሙኝ ጌታዬ። መሐላ አለብኝ።»

«ውይ፣ ይቅርታ አባት! ይቅርታ፣ አላወቅኩም!» ኤራስሞ ጠርሙሱን እንደ እሳት አነሳና በምትኩ ቀዩን የአበባ ጭማቂ አዘዘለት።

አምፓሮ ዋጠች። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት። መሐላ አለብኝ? መሐላው እኮ ትናንት አልቋል! ሰውየው ቀኑ ተምታቶበታል! ቹይ ያን ሁሉ ሲለፍፍ ቀልድ መስሎት ይሆን? እንግዲህ እስኪያውቅ ድረስ ነው ነገሩ፤ ካወቀ አለቀላት። ድንግል ሆይ፣ ዛሬን ብቻ ቀኑን አስረሺልኝ አለች በልቧ።

ከምሳ በኋላ ኢላሪዮ ወደ መጸዳጃው ተነሳ። መጸዳጃው ከመጠጥ መሸጫው ባንኮኒ ጀርባ ነው። አምስት ደቂቃ። አሥር። የኤራስሞ ሚስት ስለ ልጅ ልጆቿ ታወራላታለች፤ አምፓሮ «እህ፣ እህ» ትላለች እንጂ አንዲት ቃል አልሰማችም። ልትነሳ ስትል መጣ፤ ጺሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። ለምን ጠረገው? ውሃ ነው? ወይስ ሌላ? ኧረ በሕግ አምላክ!

እነኤራስሞን ተሰናብተው ሲወጡ ክንዱን ይዛ ወደ መሳሳሚያው ጎዳና ወሰደችው። ሁለት በረንዳዎች ሊነካኩ የደረሱበት፣ ሰው በጎን የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሳይሳሳሙ ያለፉ ጥንዶች ሰባት ዓመት ክፉ ዕድል ይከተላቸዋል ይባላል። ወጣቱ ሁሉ ተሰልፏል።

«በዚህ ዕድሜ?» አለ ኢላሪዮ።

«ሰባት ዓመት ክፉ ዕድል ትፈልጋለህ?»

«ሰባቱን ስንት ጊዜ ጨርሰነው የለ እንዴ?»

ተራቸው ሲደርስ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመው ሳመችው። ይህ መሳም ከቤት የመጣ ነው፤ ከንፈሩ ለስሙ ነው፣ ሥራው የአፍንጫ ነው። ስንት ዓመት ሲመጣ በር ላይ ተቀብላ ስማዋለች፤ ጎረቤት «ምን ዓይነት ፍቅር ነው!» ሲል እሷ ቢራ ይሁን አረቄ ለይታ ጨርሳለች። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፣ አፏጩ። ኢላሪዮ አንገቱን ዘመም አድርጎ አያት።

«እሺ መርማሪዬ፣ አለፍኩ?»

«ሽንኩርት» አለችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እንግዲህ ጊዜው አሁን ነው። «ድንግልን ተሳልመን እንውጣ» ብላ ወደ ቢጫው ቤተ ክርስቲያን አስገባችው። ጸሎት አደረሱ። ከመሠዊያው ጎን ባለች ክፍል አንድ ሸምገል ያሉ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል፤ መሐላ የሚመዘግቡት እሳቸው ናቸው፣ ከዚያ ካህኑ ያስምላሉ። አምፓሮ በሩ ላይ ቆመችና ዞረችበት። ያዘጋጀችው ብልጥ ንግግር ሁሉ ጠፋባት፤ በቁልምጫ ስሙ ብቻ ጠራችው።

«ላዮ፣ መሐላህ ትናንት አልቋል። አላወቅክም እንጂ አልቋል። አፈር ስሆንልህ፣ ዛሬውኑ አድስልኝ።»

ኢላሪዮ ባርኔጣውን አወለቀ። «ማለቁንስ አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ለሰውየው መሐላ አለብኝ ያልከው?»

ሳይመልስላት ሽማግሌው ከጠረጴዛቸው ጮኹ፦ «ለመሐላ ነው? ግቡ፣ ግቡ። የድሮውን ካርድ ይዘዋል? ከአዲሱ ጋር ነው የምናያይዘው።»

ኢላሪዮ ኪሱን ዳበሰ። «ጠፍቶብኛል መሰለኝ» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። አምፓሮ ይህንን ጉሮሮ ታውቀዋለች። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ባሏ ኪስ ውስጥ ሰደደች። ኪስ ቦርሳውን አውጥታ ከፈተች፤ ካርዷ እዚያው ነበረች፤ ጠርዟ የተበላ፣ የድንግል ሥዕል የደበዘዘባት። ከጀርባዋ የሰፈሩ አባ ጽሕፈት አለ፦ ከማርች አሥራ አራት እስከ ሴፕቴምበር አሥራ አራት።

ደግማ አነበበችው። ስድስት ወር። የዛሬ ስድስት ወር ያለቀ።

አግዳሚው ላይ ዘጭ አለች። ስድስት ወር ሙሉ ሲያታልለኝ! ስድስት ወር ሙሉ ሲጠጣ እኔ ቂሏ ግድግዳ ላይ መስቀል ስጥል! ይህንን ልትል ነበር፤ አፍንጫዋ ግን ከለከላት። ካርዱ ባለቀ ማግስት የነፃነት በዓል ዋዜማ ነበር፤ አገር ምድሩ ሲሰክር እሱ አደባባዩ ላይ ጭማቂ ይዞ ቆሞ ነበር፤ አሽትታዋለች። የእህቱ ልጅ ሠርግ ላይ አሽትታዋለች። በገናም፣ በአዲስ ዓመትም፣ በየሰኞውም። ሽንኩርት፣ ማስቲሽ፣ ቆዳ። ሌላ ነገር ሸቶ አያውቅም።

«አልጠጣህም» አለች።

«አልጠጣሁም።»

«መሐላ ሳይኖርብህ?»

«አባ ስንት ጊዜ ልጻፍ ሲሉኝ ዓመት ልል ነበር። ፈራሁ፤ አፌ ስድስት ወር አለ። አንቺ ፌስታልሽን በር ላይ አስቀምጠሽ ስድስት ወር ብዬ ልመጣ ነው? ዓመት አልኩሽ።» ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል። «ሲያልቅ በጠዋት ተነሳሁና ዛሬ እጠጣለሁ አልኩ። ከዚያ፣ አይ ነገ ይሁን አልኩ። በነጋታውም ነገ አልኩ። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነገ፣ ነገ እያልኩ ነው።»

«ሳትነግረኝ!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? የሚይዘኝ ገመድ የለም፣ ዛሬ ወይ ነገ ልወድቅ ነው ልበልሽ? አንቺ እንኳ ተኚ ብዬ ነው።»

«መች ተኛሁ አንተ ሰውዬ! መች ተኛሁ!» በካርዷ ትከሻውን መታችው፤ ደገመችው። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ደግሞ ይስቃል። «ቀን ስቆጥር! እኔ እኮ ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት!»

ሽማግሌው ብዕራቸውን ከፍተው እየጠበቁ ነበር። «እና እናቴ፣ ስንት ጊዜ ብዬ ልጻፍ?»

ኢላሪዮ ወደ ጠረጴዛው ራመድ አለ። ከልቡ ነበር፤ እንዲህ ያለ ፊት ሲኖረው ታውቀዋለች። እሷ ግን እጅጌውን ይዛ አስቆመችው።

«ምንም አይጻፉ አባባ። ይህ ሰውዬ መጠጥን ለነገ ማሳደር ይችልበታል።»

«አምፓሪቶ፣ ኧረ ተይ» አለ ኢላሪዮ። ድምፁ ቀጠነ። «ነገ ብወድቅስ?»

«ነገ፣ ነገ እንነጋገራለን» አለችውና ይዛው ወጣች።

ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ መናፈሻው ውስጥ አንድ አግዳሚ ላይ አረፉ። ዙሪያውን መጠጥ ቤት ነው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ጠርሙስ፣ ሙዚቀኞቹ ጥሩምባቸውን ያንባርቃሉ። አምፓሮ ከወትሮው ብትሆን እንዲህ ያለ ቦታ እንኳን ልትቀመጥበት በአጠገቡም አታልፍ። «ትንሽ ዓይኔን ልጨፍን» አለች፤ ትከሻው ላይ ጋደል ከማለቷ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛች ስንት ዘመኗ!

ስትነቃ ፀሐይዋ ወደ ማዶው ግድግዳ ተሻግራለች። አጠገቧ ባዶ ነው። ኢላሪዮ የለም።

ከፊት ለፊት መጠጥ ቤት የወንዶች ሳቅ ፈነዳ። አምፓሮ እግሮቿ እስኪነሱ ጠበቀች፤ በየሰኞው ሳታዛቸው የሚነሱት እግሮች። አልተነሱም። ደንቋት አየቻቸው። አጠገቧ አይስክሬም የምትልስ ሴት «የጠፋብዎት ሰው አለ እናቴ?» አለቻት።

«ባሌ ነው። ይመጣል» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ጣቶቿን ዘረጋች።

ኢላሪዮ ሲመጣ እየሮጠ ነበር፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፣ ባርኔጣው በእጁ ነው።

«የአውቶቡሱን ሰዓት ልጠይቅ ብዬ፣ ሰልፉ ያዘኝ! ስትነቂ ታጪኛለሽ፣ በር ለበር ትዞሪያለሽ ብዬ ልቤ ሊወጣ...» ትንፋሽ አጠረው። እግሯን አየ፤ ባዶ እግሯን፣ ጫማዎቿ ጎን ለጎን ተቀምጠው። «አልፈለግሽኝም?»

«አልፈለግኩህም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

አጠገቧ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ወደ ፊቱ ወሰደና ሸፈነው፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ሳቅ መስሏት ነበር። አምፓሮ እጇን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች፣ ሙዚቀኞቹንም ማየት ቀጠለች።

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው?» አለችው ቆይታ።

«በአሥራ አንድ ተኩል» አለ ከባርኔጣው ሥር።

«እንግዲያው አይዞህ፣ ጊዜ አለን።»